ማንበብ ብቻ የሚያውቀው ፕሮግራም

ወገኖቼ፣ ዛሬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ በታላቅ ጥንቃቄ የማበስራችሁ አንድ ነገር አለ። ባለፈው የካቲት፣ ማክሰኞ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በዚሁ በከተማችን አንድ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ፋይል ከፈተ።

ከፈተና አነበበው።

አሜን ያለ ሰው የለም። አልፈርድባችሁም፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማ አሜን አላልኩም። ግን ታገሡኝ። ያ ፋይል እስኪከፈት አምስት ሳምንት ፈጅቷል። በእነዚያ አምስት ሳምንታት ደግሞ አንድ ሽማግሌ ቤታቸው ተቀምጠው መልስ ሲጠብቁ ነበር።

ሰውየው ማን ነው? ስሙ ይቅር፤ እሱም ስሙ ሲነሳ አይወድም። መዝገብ ቤት የሚሠራ ረጋ ያለ ሰው ነው። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ አለው። ጠዋት ሲያበራው እንደ ወፍጮ ያጉረመርማል፤ ሥራ የሚጀምረው ሰውየው ቁርሱን በልቶ ሲመለስ ነው።

ሽማግሌውስ? ጋሽ ላምቤቦ ናቸው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያስተማሩ ሰው። እዚህ ከተቀመጣችሁት ግማሾቻችሁን ፊደል አስቆጥረዋል፤ የቀራችሁትን ጆሯችሁን ቆንጥጠዋል። ባለቤታቸው እትዬ ሽታዬ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል።

እትዬ ሽታዬ ካረፉ በኋላ ጋሽ ላምቤቦ መጻፍ ጀመሩ። በምን? በተማሪ ደብተር። ስድስት ደብተር ሞሉ። የሕይወታቸውን ታሪክ ነው። የእህታቸው ልጅ ከአዲስ አበባ መጣችና ገጹን ሁሉ አንድ በአንድ በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ሁለት መቶ አርባ ገጽ። ገጽ ገለጠች እንጂ አላነበበችም፤ የመመለሻ መኪናዋ ሊነሳ ነበር። ሁሉንም አንድ ፋይል አድርጋ ሰባት ፍላሽ ላይ ገለበጠችላቸው፤ በየፖስታው ስም ጻፈችላቸው፤ ሄደች።

ጋሽ ላምቤቦም እዚሁ በራችን ላይ ቆመው ፖስታዎቹን ለሰባት የቀድሞ ተማሪዎቻቸው አደሉ። «ጊዜ ስታገኙ እዩት» አሉ። «እስከ መጨረሻው ግን እዩት።»

ከሰባቱ አንዱ የመዝገብ ቤቱ ሰው ነው። አንዷ የመዘምራን መሪያችን እህት ዘነበች ናት፤ ስሟን እንዳነሳ ፈቅዳልኛለች። አንዱ ደግሞ እኔ ነኝ።

ሰውየው ቢሮው ገብቶ ፍላሹን ሰካ። ፋይሉን ሁለቴ ነካ። አንድ ክብ ነገር መዞር ጀመረ። ሻይ ጠጥቶ መጣ፤ ይዞራል። ሁለት ደብዳቤ ወጪ አድርጎ መጣ፤ ይዞራል። በመጨረሻ አንዲት ነጭ ሳጥን ብቅ አለችና ፕሮግራሙ ምላሽ እየሰጠ አይደለም አለችው። እንደገና ሞከረ። ምላሽ የለም። ፍላሹን ነቅሎ ኪሱ ከተተና ነገ እሞክራለሁ አለ።

እህት ዘነበችም ሞከረች። የልጇ ኮምፒውተር ደርቆ ቀረ፤ ልጇም አኮረፈ። እኔስ? እውነቱን ልንገራችሁ። እኔ ፍላሹን ከቤቴ ቁልፍ ጋር አንጠለጠልኩት። የቀሩት አራቱም ከዚህ አልተሻሉም።

እሑድ ደረሰ። ጋሽ ላምቤቦ በር ላይ ቆመው ጠበቁን።

«እህ፣ አያችሁት?»

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ፊደል ያስቆጠራችሁ ሰው፣ ሰማንያ ሊሞላው የተቃረበ ሰው፣ ዕድሜውን በፖስታ አሽጎ ሰጥቷችሁ «አልከፈት አለኝ» ትላላችሁ? አትሉም። ይሉኝታ አለ። እኛም አላልንም።

«እንዴታ ጋሼ» አለ የመዝገብ ቤቱ ሰው።

«እኔማ እንባዬን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር» አለች እህት ዘነበች።

«እኔ እንኳ ሁለቴ ነው ያነበብኩት» አልኩ እኔ።

ሁለቴ። ማንም አላስገደደኝም። አንዴ ማለት እየቻልኩ ሁለቴ አልኩ።

ጋሽ ላምቤቦ ፊታቸውን ወደኔ መለሱ። «መጨረሻውንም?»

«መጨረሻውን በተለይ» አልኩ።

«እሺ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ባርኔጣቸውን አጥልቀው ሄዱ።

በሚቀጥለው እሑድ አልጠየቁንም። በሦስተኛው እሑድ ሰላም ብለውን አለፉ። በአራተኛው እኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ጸሎቱ ሳያልቅ ወጡ። እኛ ምን አልን? እርጅና ነው አልን። ከእትዬ ሽታዬ ወዲህ ልባቸው ተሰብሯል አልን። ለሰው ሐዘን ምክንያት ስንፈልግ ከራሳችን ራቅ ካለ ቦታ ነው የምንጀምረው።

የመዝገብ ቤቱ ሰው ግን በዚያ በአራተኛው እሑድ አንድ ነገር አየ። ጋሽ ላምቤቦ ሲወጡ በግራ እጃቸው ግድግዳውን እየዳበሱ ነበር። ደረጃው ጋ ሲደርሱ ቆሙ፤ በእግራቸው ፈለጉት፤ ወረዱ። ሰውየው ቤቱ ገብቶ ምሳ አልበላ አለው። «መጨረሻውንም?» ያሉት ትዝ አለው። መጨረሻው ላይ ምንድን ነው ያለው?

እንግዲህ ፋይሉ መከፈት አለበት።

ኢንተርኔት ላይ ፈለገ። ፋይል የሚከፍት ጥሩ ፕሮግራም የቱ ነው ብሎ ጻፈ። ሁሉም እኔ ነኝ አሉት። አንዱን መረጠና ሌሊቱን አስወርዶ ጫነው። ፕሮግራሙ ብቻውን አልመጣም፤ ሁለት ዘመዶቹን ይዞ መጣ። አንደኛው በየጠዋቱ ላድስህ ወይ ይላል። ሁለተኛው ኮምፒውተርህ አደጋ ላይ ነው ይላል። ፋይሉን ግን አንዳቸውም አልከፈቱትም። ላፕቶፑ ድሮ ቁርስ እስኪበላ ያስጠብቀው የነበረው አሁን እስከ ምሳ ሆነ።

የቢሮ ባልደረባው «አዲስ ኮምፒውተር ግዛ» አለው። ምክሩ ጥሩ ነበር፤ መካሪው ግን ከፋይ አልነበረም።

እንዲህ ሌላ ሳምንት አለፈ። ማክሰኞ ዕለት ላፕቶፑን አቅፎ ከመናኸሪያው ጀርባ ወዳለችው ኮምፒውተር ጠጋኝ ሄደ። ረድኤት ትባላለች። ሃምሳ የተጠጋች፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የምታደርግ፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። ላፕቶፑን ተቀብላ ጆሮዋን ጠጋ አደረገች።

«ምን ሆነ?» አለችው።

«ታሟል መሰለኝ። ፋይል አልከፍት ይላል።»

«ከፍተህ ምን ልታደርግ ነው?»

«ላነብ።»

«ልታርመው ነው?»

«አይ።»

«ልትፈርምበት ነው? አስተያየት ልትጽፍበት? ልትቆራርጠው? ማኅተም ልታደርግበት?»

«ኧረ የመምህሬ ጽሑፍ ነው፣ እህቴ። ላነበው ብቻ ነው።»

ረድኤት ከመነጽሯ በላይ አየችው። «ታዲያ ይህን ሁሉ ለምን አሸከምከው? ኮምፒውተርህ ምንም አልሆነም። ይኼ የጫንክበት ፕሮግራም ገጹን ከመክፈቱ በፊት ማረሚያውን ያነሳል፤ መፈረሚያውን ያነሳል፤ መቁረጫውን ያነሳል። ሁሉንም አንስቶ እስኪጨርስ አቅሙ ያልቃል። ሊያነብ ሲል ይወድቃል።»

እነዚያን ሁሉ ዘመዳሞች አንድ በአንድ አወጣቻቸው። ከዚያ ከራሷ ፍላሽ አንዲት ትንሽ ነገር ገለበጠችለት።

«ይቺ ናት?» አለ።

«እሷ ናት።»

«ምን ትሠራለች?»

«ታነባለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ገጽ ትገልጣለች። የምታየውን ገጽ ብቻ ታነሳለች፤ ስትጨርስ አስቀምጣ ቀጣዩን ታነሳለች። ሁለት መቶውን ባንዴ ልሸከም አትልም።»

«ዋጋዋስ?»

«በነጻ ነው።»

ሰውየው ቅር አለው። «በነጻ ከሆነ ሁሉም ሰው ለምን አይጠቀምባትም?»

«ሰው ብዙ ነገር ሲጫንለት ይደሰታል» አለች ረድኤት፤ ላፕቶፑንም ወደሱ አዞረችው።

ፋይሉ ተከፍቷል። እንዲሁ። ክብ ነገር አልዞረም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ነበር።

የጋሽ ላምቤቦ የእጅ ጽሑፍ ወጣ። ያን ጽሑፍ ታስታውሱታላችሁ፤ ሰሌዳ ላይ በማስመሪያ የተጻፈ የሚመስለውን። ሰውየው እዚያው የረድኤት በርጩማ ላይ ተቀምጦ አነበበ። ብዙ አነበበ። ሁለት መቶኛው ገጽ አካባቢ ፊደሉ ትልቅ እየሆነ መጣ። ከዚያ መስመሩ ወደታች መውረድ ጀመረ። ከዚያ አንዱ ቃል ሌላው ላይ ወጣ። የመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ፊደል የጣት ያህል ነበር።

እንዲህ ይላል፦

«እስከዚህ ላነበባችሁ። ዓይኔ እየጠፋ ነው። ሐኪሙ አይመለስም ብሎኛል። ለማንም አልነገርኩም። ስለ ሽታዬ የጻፍኩትን ራሴ ማንበብ አቅቶኛል። ከእናንተ አንዳችሁ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት መጥታችሁ ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል። ካልተመቻችሁ ግን ምንም አትበሉኝ። ዝም ካላችሁ ይገባኛል፤ አልቀየምም።»

ወገኖቼ፣ ምን እንዳልናቸው አያችሁ? እኛ ያሰብነው ክብር መስጠታችንን ነው። ልባቸውን መጠበቃችንን ነው። እሳቸው የሰሙት ግን ሌላ ነው። ልመናዎን አንብበናል፤ ሁለቴ አንብበናል፤ መጨረሻውን በተለይ አንብበናል፤ መልሳችን ዝምታ ነው። ይህን ነው የሰሙት። ይህንንም ያልናቸው በር ላይ ቆመን፣ እየሳቅን፣ እጃቸውን በሁለት እጃችን ይዘን ነው።

ያቺን ትንሽ ፕሮግራም ሳስባት እቀናባታለሁ። እኛ ሰውን የምንከፍተው በየትኛው ነው?

ሚስትህ «ዛሬ ደከመኝ» አለችህ። ሁለት ቃል ናት። አንተ ግን ማረሚያህን አነሳህ፤ «ማን ይህን ሁሉ ሥሪ አለሽ?» አስተያየትህን ለጠፍክ፤ «ነግሬሽ አልነበር?» ማኅተምህን አሳረፍክ፤ «በቃ፣ ከነገ ጀምሮ ሠራተኛ ትመጣለች።» ገጹ ግን አልተከፈተም። እሷ ገና የመጀመሪያው መስመር ላይ ነበረች። ምላሽ ሰጠሁ ትላለህ። ነጭዋ ሳጥን ግን ወጥታለች።

ልጅሽ «እማዬ፣ ትምህርት ቤት አስጠላኝ» አለችሽ። አንቺ ምን አደረግሽ? እናትሽ አንቺን እንዴት እንዳሳደገችሽ ነገርሻት። ስንት ወጪ እንደወጣባት ነገርሻት። ምን አስጠላሽ ብለሽ ጠይቀሻታል?

እናንተ የቡድን ጸሎት መሪዎች፣ እኔንም ጨምሮ፣ ሰው መጥቶ ችግሩን ሲጀምር ጥቅስ እየፈለግን ነው የምንሰማው። መሀል ላይ ስናገኝ ደስ ይለናል። እሱ ገና አልጨረሰም።

ክፉ ስለሆንን ነው? አይደለም። እኔ እናንተን አውቃችኋለሁ፤ ክፉ ሰው አይደላችሁም። ልንረዳ ስለምንቸኩል ነው። ለመርዳት የሚሆነውን ሁሉ ስናነሳ አቅማችን ያልቃል፤ ሊያነብ የነበረው ዓይናችን ይወድቃል። አንዳንድ ቀን ሰው ከእናንተ የሚፈልገው ያቺን ትንሿን ነው። ክፈቱት። እዩት። ገጹን ሲጨርስ ቀጣዩን ግለጡለት። በቃ።

እግዚአብሔር እናንተን እንዴት ነው የሚገልጣችሁ? ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ይመስላችኋል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። መስመሩ የወረደበትን ገጽ፣ ፊደሉ የተደራረበበትን ገጽ፣ ለማንም ያላሳያችሁትን፣ እየተንተባተባችሁ የጻፋችሁትን ሁሉ እሱ ቁጭ ብሎ ያነበዋል። ዛሬ የዛሬውን ገጽ ነው የሚያነሳው። የሃምሳ ዓመታችሁን ባንዴ አይከምርባችሁም።

ሌላም አለ፤ ይሄኛው ያማል። ያልከፈትነው ሰው ብዙ ነው፤ አላነበብኩህም ብለን የነገርነው ግን የለም። ጎረቤታችሁን «እሱንማ አውቀዋለሁ» ትላላችሁ። አባታችሁን «የሱን ነገር ለኔ ተዉት» ትላላችሁ። ኪሳችሁን ፈትሹ፤ ከቁልፋችሁ ጋር ተንጠልጥሎ የሚዞር ያልተከፈተ ሰው የለም? ዛሬ ማታ ደውሉለት። «አንብቤሃለሁ ብዬህ ነበር፤ አላነበብኩህም» በሉት። ይቀየማል ያላችሁት ሰው ሊስቅ ይችላል። እንዴት አወቅህ በሉኝና ልንገራችሁ፤ ታሪኩም እዚያ ላይ ያልቃል።

የመዝገብ ቤቱ ሰው ከረድኤት ሱቅ ወጥቶ ለስድስታችንም ደወለ።

«የጋሼን መጨረሻ ገጽ አንብበኸዋል አይደል?» አለኝ።

«እንዴታ» አልኩ።

«እንግዲያው ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ቤታቸው እንገናኝ። እንደጻፉት።»

«እንደጻፉት» አልኩ። ምን እንደጻፉ አላውቅም። ስድስታችንም «እንደጻፉት» ብለነዋል። በኋላ አጣርቻለሁ።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ደረስን። እህት ዘነበች ታመው ይሆናል ብላ ብርቱካን ይዛለች። አንዱ ወንድማችን መጽሐፋቸው ሊመረቅ ነው ብሎ ሙሉ ሱፍ ለብሷል። ሌላው የአጥር ጠብ መስሎት በመንገድ ላይ ማስታረቂያ ቃል ሲያጠና መጥቷል። እኔ የምስጋና ጸሎት በወረቀት ጽፌ ኪሴ ውስጥ አድርጌያለሁ።

ጋሽ ላምቤቦ በሩን ከፈቱ። «ማናችሁ?» አሉ፤ ከዚያ ቶሎ ብለው «ግቡ፣ ግቡ፣ አየኋችሁ» አሉ።

ገብተን ተቀመጥን። የመዝገብ ቤቱ ሰው ግን አልተቀመጠም። ፊታቸው ተንበረከከና እጃቸውን ያዘ።

«ጋሼ፣ ዋሽቼዎት ነበር» አለ። «አነበብኩ ያልኩትን አላነበብኩም። ኮምፒውተሬ አልከፍት ብሎኝ ነው። ያነበብኩት ማክሰኞ ነው።»

«አልከፍት ብሎህ?»

«አዎ ጋሼ።»

«አምስት ሳምንት ሙሉ?»

«አምስት ሳምንት።»

የጋሽ ላምቤቦ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሱ ብለን ሁላችንም ተነሳን። እየሳቁ ነበር።

«እኔ ደግሞ» አሉ ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ እየጠረጉ፣ «እኔ ደግሞ አነበቡት፣ ከበዳቸው፣ ተዉኝ ብዬ። ለካ ኮምፒውተር ነው። ተመስገን።»

እኛ ስድስታችን የምንናገርበት ቦታ ያ ነበር። አልተናገርንም። እህት ዘነበች እንዲያውም «አንተ፣ አምስት ሳምንት?» ብላ ገሠጸችው። እኔም አዝኜ ራሴን ነቀነቅኩ።

ሰውየው ተነስቶ ተቀመጠና ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «ስለ እትዬ ሽታዬ ካለው ልጀምር?» አለ። ጋሽ ላምቤቦ አዎ በሚል ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ እጃቸውንም አጣጥፈው ተቀመጡ። ማንበብ ጀመረ።

«የተመደብኩበት ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ነበር፤ መምህሩም እኔ ብቻ። ሽታዬ ፊደል አታውቅም። መንደሩን ሁሉ ሳስተምር እሷን ማስተማር ትዝ አላለኝም። አንድ ቀን ወባ ጥሎኝ አልጋ ላይ ዋልኩ። ልጆቹ ወደየቤታቸው ሄደዋል ብዬ ተኝቼ ሳለ ከክፍሉ ድምፅ ሰማሁ። ያነባሉ። ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ ግድግዳ ይዤ፣ በመስኮት አየሁ። ሽታዬ ጠመኔ ይዛ ቆማለች። ለካ ስድስት ዓመት ሙሉ ከመስኮቱ ሥር እህል ስታበጥር ከልጆቹ ጋር ስትማር ኖራለች። የምታውቀው ግን የመጽሐፉን ግማሽ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለውን በየዓመቱ ክረምት እየገባብኝ አላስተማርኩም። በዚያች ሰዓት የመኪና ድምፅ ሰማሁ። የአውራጃው ተቆጣጣሪ ነው። ቀጥ ብሎ ክፍሉ ገባ። ልጆቹ ተነሱ። መጽሐፉን ከጠረጴዛው አነሳ፤ መጨረሻው አካባቢ ገለጠ፤ ለሽታዬ ዘረጋላትና አንብቢልኝ አላት።»

ሰውየው እዚህ ላይ ቆመና ውኃ ጠጣ።

«ከዚያስ?» አልኩ። «ምን አለችው?»

የጠየቅኩት ሁለቴ አነበብኩ ያልኩት እኔው ነኝ። ሱፍ የለበሰው ወንድማችን ጫማውን ያያል። እህት ዘነበች አንዱን ብርቱካን በእጇ ታገላብጣለች። የመዝገብ ቤቱ ሰው ዓይኑን ከላፕቶፑ አላነሳም።

ጋሽ ላምቤቦ ድምፄ ወደመጣበት ዞሩ። አግዳሚው ላይ ትንሽ ጠጋ አሉና ባዶውን ቦታ በእጃቸው መታ መታ አደረጉ።

«ና ፓስተር፣ እዚህ ሁን» አሉ። «ከዚህ ይሻላል፤ ደህና አድርጎ ይሰማል።»

ተነስቼ ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከኋላዬ አንድ ወንበር ወለሉን እየፋቀ ቀረበ። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ ሌላ።